«ምንም ችግር አልተገኘም» ላሉን የኦርቬላ ሰዎች

ለክቡራን የኦርቬላ ድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም አዘጋጆች፣
በተለይም ለደንበኞች እርዳታ ክፍልና ለክቡር አቶ ግሌን፣
ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነታችሁን እመኛለሁ። ጉሮሯችሁ፣ ጆሯችሁና የምትቀመጡበት ወንበር ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በኪሱሙ ከተማ የኛማሳሪያ ሰፈር ነዋሪዎች፣ ሐይቃችንም፣ ዓሣችንም፣ ከቤቴ ጀርባ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራው ወፍጮ ቤትም ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በግል የላክኋቸው መልእክቶች ሁሉ «መልእክትዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው» የሚል መልስ ስላገኙ ነው። ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር ለእናንተ ብቻ ማስቀረት ንፉግነት መስሎ ታየኝ።

ስሜ አፖንዲ ኦንዲጎ ይባላል። በቤቴ ጓዳ፣ ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽ ለጥፌ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንንና የሠርግ ዘፋኞችን በእናንተ ፕሮግራም እየቀረጽኩ እተዳደራለሁ። እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ በእናንተና በእኔ መካከል ክፉ ቃል አልነበረም።

አባቴ ኦንዲጎ ኛቲቲ ይጫወታል። ኛቲቲ ስምንት ክር ያለው መሣሪያ ነው፤ ተጫዋቹ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ በጣቶቹ ክሩን ሲመታ፣ በእግሩ አውራ ጣት ያጠለቀውን የብረት ቀለበት ደግሞ ከእንጨቱ ጋር እያጋጨ ምቱን ይጠብቃል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ለቅሶና ለሰው ሠርግ ሲዘፍን ኖሮ፣ ለገዛ ሚስቱ፣ ለእናቴ ለአጉቱ የሠራውን የሐዘን ዘፈን ግን ከቀብሯ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልደገመውም። ባለፈው የዝናብ ወራት ጉሮሮው ውስጥ ክፉ እብጠት ተገኘ። ሐኪሞቹ የድምፅ ሳጥኑን አውጥተው ካልጣሉት ነፍሱን እንደማያተርፉ ነገሩት፤ ቀጠሮውም ለሐሙስ ተቆረጠ። ማክሰኞ ጠዋት ኛቲቲውን ተሸክሞ ከመንደር መጣና ደጄ ላይ ቆመ።

«ያንን ዘፈን ቅጂልኝ» አለኝ። «ግን ዘፍኜ ብቻ አልሄድም። ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። የተበላሸ ካለ አርመዋለሁ፤ ከሐሙስ በኋላ ማረሚያ የለኝም።»

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፣ ቤተሰባችን ከእናንተ የፈለገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ የገባው ድምፅ ተመልሶ እንዲወጣ።

ማስገባቱን በተመለከተ የሚወጣላችሁ እንከን የለም። አንዱን ማይክሮፎን ለጉሮሮው፣ ሌላውን ለእግሩ ጣት አቆምኩ፤ ፕሮግራማችሁ የብረት ቀለበቱን ኳኳታ ሳይቀር ጨዋ አድርጎ ተቀበለ። አባቴ ዘፍኖ ሲጨርስ ላቡን ጠረገና «እስቲ አሰሚኝ» አለ። አጎቴ ራዲንግና አክስቴ ድሩሲላም ሻይና በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚያቸውን ይዘው ከጓሮ ገቡ። ቅሬታዎቼን ከዚህ ጀምሬ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። ዘፈኑ ጀመረ፤ የአባቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ሊያልቅ ሲል ድርግም ብሎ ጠፋ። በስክሪኑ ላይ ሞገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጠቋሚው ይሄዳል፤ አረንጓዴው መብራት ይጨፍራል። ድምፅ ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምርታችሁን ስትሠሩ ያሰባችሁት አይመስለኝምና። በእኛ በሉዎዎች ዘንድ ኛቲቲ ሲመታ ማንም ሰው ብድግ ብሎ ዘፈኑን ማስቆም ይችላል። ሳንቲም ይጥልና ራሱን፣ ዘመዱን፣ አገሩን እንደ ልቡ ያወድሳል፤ ሲጨርስ ዘፈኑ ይቀጥላል። ይህ ፓክሩኦክ ይባላል። ስለዚህ በእኛ ቤት ሙዚቃ በድንገት ሲቆም፣ እንደ እናንተ አገር ሰው «ምን ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «ማን ሊመጻደቅ ነው?» ተብሎ ነው።

አጎቴ ራዲንግም ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ማንዳዚውን እንደያዘ ተነሣ። የሻይ ሳንቲሙን ኪቦርዴ ላይ ጣለና፣

«እሰይ፣ ቆመልኝ! እኔ ራዲንግ ነኝ! የኦንዲጎ ታናሽ፣ የቁመቱ ታላቅ! ዓሣ ሲያየኝ መረቤን ራሱ ከፍቶ የሚገባልኝ! ማዕበል ጀልባዬን ሲያይ ‹ይቅርታ፣ አላወቅኩህም› ብሎ የሚመለስ!» አለ።

አክስቴም ዝም አላለች። «ኧረ ተቀመጥ ወዲያ! ጀልባህን ማን ቀዘፈልህ? እኔ ድሩሲላ ነኝ፣ ባሏን ዓሣ ያበላች፣ የባሏን ወንድም አጥንቱን ያስጋጠች! ዝም ስል የሚፈራኝ፣ ስናገር የሚጠፋ!»

ፕሮግራማችሁ ዝምታውን አላቋረጠምና ሁለቱም ሦስት ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ሄደው ተመጻደቁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ታጋሽ ሙዚቀኛ አይቼ አላውቅም። አባቴ ግን የመሣሪያ ሰው ስለሆነ ነገሩ ገባው። «አፖንዲ፣ ይሄ ማቆም አይደለም። ይሄ መጥፋት ነው» አለኝ በቀስታ።

ሁለተኛ። ወዲያው ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቅኩ፤ በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ትንሽ የስፒከር ሥዕል ተጭኜ ድምፁን እስከ ጣሪያው ከፍ አደረግኩ፤ የድምፅ ጥራት ቁጥሩን ከአርባ አራት ሺህ ወደ አርባ ስምንት ሺህ ቀየርኩ፤ መልሼም ቀየርኩ። የድምፅ መውጫዎች ዝርዝር የነበረበትን ቦታ ስከፍት ስሞቹ በሙሉ ተነሥተው «ብልህ ምርጫ» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ አገኘሁ። በሰሞኑ ማሻሻያችሁ ያመጣችሁት ስጦታ መሆኑን ከሥሩ የተጻፈው ማብራሪያ ነገረኝ፤ «ከእንግዲህ አይጨነቁ፤ ድምፅዎ በየትኛው መሣሪያ ቢወጣ እንደሚሻል እኛ እንመርጥልዎታለን» ይላል። ይህን ያህል ስለታሰበልኝ አመሰግናለሁ። አንድ ሰው ስለ እኔ ይህን ያህል ሳይጠየቅ ሲያስብልኝ ለእጮኝነት ከመጣው የመጀመሪያው ሰውዬ በኋላ እናንተ ሁለተኛ ናችሁ።

ለእርዳታ ክፍላችሁ ጻፍኩ። ያደረግኩትን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ዛሬ ማለቅ ያለበትን ምክንያት፣ የአባቴን ጉሮሮና የሐሙሱን ቀጠሮ ሳይቀር አስረድቼ ነበር። ክቡር አቶ ግሌን ሳይዘገዩ መለሱልኝ፤ «ሰላም አፖንዲ! ስለገጠመዎት ችግር እናዝናለን። እባክዎ ስፒከሩ መሰካቱን ያረጋግጡ። እባክዎ ድምፁን ከፍ ያድርጉ። እባክዎ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ።» ሁሉንም ደግሜ አደረግኩ። ሰው የለመደውን ጸሎት ለአዲስ ቄስ እንደሚደግመው፣ ያለ ቅሬታ ደገምኩት። ዘፈኑንም ከመጀመሪያው እየመለስኩ ደጋግሜ አስጀመርኩ፤ ሞገዱ ይጨፍራል፣ ቤቱ ዝም ይላል።

አባቴ ይህን ሁሉ ከተመለከተ በኋላ ተነሣ። «ሆስፒታል ጺሜን አንጨባርሬ አልገባም። ኦሎ ዘንድ ተላጭቼ እስክመጣ ሰዎችሽ ይጨርሱ ይሆናል» ብሎ ወጣ። ኦሎ ከመንገዱ ማዶ ቆርቆሮ ቤት ያለው ጸጉር አስተካካይ ነው።

ሦስተኛ። አባቴ ከወጣ በኋላ ዘፈኑን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት፤ እንዳለቀ ክቡር አቶ ግሌን አዲስ መልእክት ላኩ፤ «ጥልቅ ምርመራ ልጀምርልዎ፤ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።» እሺ አልኩ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ሦስት መስመር ተጻፈበት፤ በምርመራው ጊዜ መቅረጽም ሆነ ማጫወት አይቻልም፤ ምርመራው ከተቋረጠ ቀረጻዎች ሊጠፉ ይችላሉ፤ ቀሪ ጊዜ ሦስት ደቂቃ።

በዚህ መካከል በሩ ተበረገደና አባቴ ገባ። ግማሽ ጉንጩ ተላጭቷል፣ ግማሹ ሳሙና ነው፣ የኦሎ ፎጣ አንገቱ ላይ አለ። ኦሎም ምላጩን እንደያዘ ከኋላው ቆሟል።

«ሰማሁት» አለ አባቴ።

«ምኑን አባባ?»

«ዘፈኔን ነዋ! ኦሎ ቤት!»

ኦሎ ተቀበለው። «እህቴ፣ እኔ ምን አደረግኩ? ጠዋት ስፒከሯን ከማብራቴ የሽማግሌው ድምፅ መጣ! ይቆማል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ አንድ ደንበኛዬ ‹ዛሬ ደግሞ ለቅሶ በነጻ ነው እንዴ?› አለኝ። አባባ ገብተው ሲቀመጡ ግን ከዳር እስከ ዳር ዘለቀ። ‹አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ድምፅ አይደል እንዴ?› ብላቸው ከወንበሩ ብድግ አሉ፤ ጉሮሯቸውን ልቆርጥ ነበር!»

ክቡራን ሆይ፣ ያቺን ገመድ አልባ ስፒከር ለኦሎ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። እኔ ረስቻታለሁ፤ ኮምፒውተሬ ግን አልረሳትም። ኦሎ ሱቁን ከፍቶ ሲያበራት ብልሁ ምርጫችሁ ቤቴን ከኦሎ ጸጉር ቤት ጋር አነጻጸረና የእናቴ ሐዘን እዚያ ቢሰማ እንደሚሻል ወሰነ። የወፍጮው ጩኸት ባይኖር እኔም ከቤቴ ሆኜ በሰማሁት ነበር። በእርግጥ ኦሎ ዘንድ ወንበሩ ይመቻል።

አባቴ ግን ለዚህ ሁሉ ግድ አልነበረውም። ፎጣውን አውልቆ ኛቲቲውን አነሣ።

«ስሟን ዘልዬዋለሁ» አለ። «መጨረሻው ላይ፣ ‹አጉቱ፣ የኡዮማ ልጅ› የምለው ቦታ። ስዘፍን ሆድ ብሶኝ ኖሮ ክሩን ብቻ መትቼ አልፌያለሁ። ክሩ አለ፣ እሷ የለችም። እዚያ ቦታ ሲደርስ እጄን አነሣሁ፣ ይቁምልኝና ስሟን ልበል ብዬ። የኦሎ ሳጥን ግን ሰው አያውቅም፤ ዝም ብሎኝ አለፈ። በይ አሁን ቅጂኝ፤ ጉሮሮዬ ክፍት ነው።»

ችግሩ ታውቋል፤ መፍትሔውም ታውቋል። የቀረው ያ ሰማያዊ ስክሪን ብቻ ነበር። «ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ አባባ» አልኩት።

አባቴ ተቀመጠ፤ ቀለበቱን በእግሩ ጣት አጠለቀ፤ ኛቲቲውን አስጠጋ። ቁጥሯ ሦስት ነበረች። ኦሎ የቀረውን ጉንጩን እዚያው በተቀመጠበት ላጨለት፤ ቁጥሯ ሦስት ነበረች። ለክቡር አቶ ግሌን ጻፍኩ፤ «ችግሩን አግኝተነዋል፤ እባክዎ ምርመራውን ይዝጉልኝ» አልኩ። «ትዕግሥትዎን እናደንቃለን! ምርመራው ሊጠናቀቅ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል» ብለው መለሱ። አክስቴ ዓሣ ጠብሳ፣ የበቆሎ ገንፏችንን ኡጋሊን አገንፍታ አቀረበች፤ አባቴ ጉሮሮዬን እዘጋበታለሁ ብሎ ሳይነካው ቀረ። አጎቴ ራዲንግ ገመዱን ልንቀለው አለና እጁን ሰደደ፤ «ቀረጻዎች ሊጠፉ ይችላሉ» የሚለውን ሳነብለት እባብ እንደነካ ሰው ጎትቶ መለሰው። በሰፈራችን መብራት ሳይጠፋ የዋለበትን ቀን አላስታውስም፤ ያን ቀን ግን አንዴ እንኳን ብልጭ ሳይል ዋለ።

«አለቀ?» ይላል አባቴ።

«ሦስት ደቂቃ።»

«የነዚህ ሰዎች ደቂቃ በጣም ጠንካራ ነው» አለ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወ፤ ቀለበቱን ብቻ በቀስታ እንጨቱ ላይ ያንኳኳ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ለማታ ሲዘጋና ሰፈሩ ጸጥ ሲል አባቴ ውኃ ጠየቀኝ፤ ድምፁ መሻከሩን ሰማሁ። ደንግጬ ስልኬን ከፊቱ ያዝኩና «አሁን በል፣ በዚህ በል» አልኩት። ሞከረ። ክሩ ወጣ፤ ቀለበቱ ወጣ፤ የእናቴ ስም የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ አፉ ተከፈተ፣ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ እጁን ስልኬ ላይ አደረገና ወደ ታች አወረደው። እኔ በዚህ ጊዜ አለቀስኩ፤ አጎቴም ወደ ጓሮ ወጣ። ረቡዕ ማለዳ ሆስፒታል ተኛ፤ ሐኪሞቹ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ አዘዙት። ሐሙስ እንደ ቀጠሮው ሆነ።

አራተኛና የመጨረሻው፣ በእርግጥ ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። የምርመራችሁ ውጤት ማክሰኞ ሁላችንም ተስፋ ከቆረጥን በኋላ መጣ፤ እንዲህ ይላል፦ «ምንም ችግር አልተገኘም። ድምፁ ከተመረጠው መውጫ በትክክል እየወጣ ነው።» ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም ውሸት የለበትም። ድምፁ በትክክል ወጥቷል። የኦሎ ደንበኞች ምስክር ናቸው። እንዲህ ያለ ከነቁምነገሩ ምንም የማይጠቅም እውነት ለመጻፍ ትልቅ ትምህርት ሳያስፈልግ አይቀርም።

ዓርብ ዕለት ደግሞ፣ አባቴ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሳለ፣ ክቡር አቶ ግሌን «ብልህ ምርጫን» የሚያጠፋው ቁልፍ የተደበቀበትን ቦታ ጠቆሙኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረግኩ፤ ዘፈኑ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚያው መልእክት ግርጌ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ በኮከብ እንድገልጽ ተጠይቄያለሁ። ኮከቦቹን አልነካኋቸውም፤ ለሌላ ቤተሰብ ያስፈልጓችኋል።

አባቴ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እሑድ ዕለት ከሆስፒታል አመጣነውና ግድግዳው ሥር አስቀመጥነው። በእጁ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ። ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ያ ቦታ ሲደርስ፣ ክሩ ብቻ የሚሄድበት ጋ፣ እጁን ወደ ላይ አነሣ። እኔም አስቆምኩት።

ቤቱ ዝም አለ። አባቴ እጁን እንዳነሣ ነው፤ ከአፉ ምንም አይወጣም። ዝምታ ባገኘ ቁጥር ራሱን ሲያወድስ የኖረው አጎቴ ራዲንግ ተነሣ። ሳንቲም አወጣና በአባቴ እግር ሥር አኖረ። ስለ ጀልባው አላነሣም፤ ስለ ዓሣውም አላነሣም።

«አጉቱ» አለ። «የኡዮማ ልጅ።»

«አጉቱ፣ የኡዮማ ልጅ!» አለች አክስቴ ድሩሲላ። ኦሎም ከደጅ ሆኖ አለ። እኔም አልኩ። አባቴ እጁን አወረደ፤ እኔም ዘፈኑን አስቀጠልኩ።

በማግስቱ በፕሮግራማችሁ ዘፈኑን እዚያ ቦታ ላይ ከፈልኩትና በመሃሉ ባዶ ቦታ ተውኩ፤ ክርም፣ ቀለበትም፣ ምንም የሌለበት። ዘፈኑ ሲከፈት እዚያ ጋ ሲደርስ በራሱ ይቆማል፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ስሟን ይጠራል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ይህን ለማድረግ ያስቻለችው መቀሳችሁ በጣም ጥሩ ናት። ይህችን ምስጋና ያለ ተንኮል ነው የምጽፋት፤ ብትጠራጠሩ አልቀየማችሁም።

ድምፃችሁ ሁልጊዜ በምትፈልጉት በኩል እንዲወጣላችሁ፣ ደቂቃችሁም እንደ እኛ ደቂቃ አላፊ እንዲሆንላችሁ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታዛዥና ፈቃዷን በወቅቱ የምታድስ ደንበኛችሁ፣
አፖንዲ፣ የኦንዲጎና የአጉቱ ልጅ፣ የኡዮማ የልጅ ልጅ
ኪሱሙ፣ ኛማሳሪያ፣ ከኦሎ ጸጉር ቤት ፊት ለፊት

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ፕሮግራማችሁ ተሻሻለና አንድ መልእክት አወጣልኝ፤ «በቀረጻዎ መሃል አላስፈላጊ ዝምታ አግኝተናል። እናስወግድልዎ?» ይላል። የተሰጡኝ ምርጫዎች «አዎ» እና «በኋላ አስታውሰኝ» ብቻ ናቸው። «አይሆንም» የሚል ቁልፍ ስላጣሁ መልሴን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ አይሆንም። እሱን አትንኩት። እዚያ ውስጥ እናቴ አለች።